እንደ ወጣችበት ቀን

አባቴ ሄዱዊን ሲሞት ለድርሻ አልተካሰስንም፤
ከዶልጌሊ በላይ ያለ ጭንጫ ዳኛ ፊት አያቆምም።
እህቴ ግዌንሊያን የግድግዳ ሰዓቱን ወሰደች፤
ለኔ ያቺ ላንድሮቨር፣ ጋጣ ውስጥ ባንድ ዓይኗ የቀረች፣
አሥራ ሁለት ክረምት ዶሮ ያደረባት፣
መሪዋ ላይ ሸረሪት የነገሠባት።

"እንደ ወጣችበት ቀን አደርጋታለሁ" አልኩ፤
ማንም ሳይጠይቀኝ ማልኩ።

ቡሎኑ እምቢ አለኝ። ዘይት አጠጣሁት፤
አሳደርኩት፤
በእሳት አስፈራራሁት፣ እናቱን ሰደብኩት፤
በሦስተኛው ጧት፣ እንዳኮረፈ ሽማግሌ፣
ክርር ብሎ ለቀቀ፣ ልመናው አልቆ፣ አልቆ ቃሌ።

አካሏ አልሙኒየም ነው፣ ዝገት አይደፍረውም፤
ሻንሲዋ ግን ብረት ነው፣ የዌልስ ዝናብ አይምረውም፤
ከላይ ሲያዩት ደኅና፣ ከሥር በጣት የሚበሳ፣
እንደ አባቴ ሳንባ፣ በድንጋይ ካባ ብናኝ ውስጥ ውስጡን የከሳ።

በያጁ ካዶግ መጣ። መዶሻውን አንሥቶ
መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፤
"ሻንሲ አይደለም፣ ወንፊት ነው።" ከዚያ ጭምብሉን ጣለ፤
ጋጣው በሰማያዊ ነበልባል ቦግ ሲል፣ አውራ ዶሮው "ነጋ" አለ።

ካርቡሬተሩን አንድ የአየርላንድ ቄስ ሸጠልኝ፣
እንደ በግ ነጋዴ ሲከራከር ውሎ።
መሪዋ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሌላው ከዮርክ መጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።
የላከችው ሴት ባሏ ሞቷል። ወረቀት አኑራለች፦
"የአውራ ጣቱ ምልክት አለበት፣ ካስጠላዎት ይፋቁት" ትላለች።
አልፋቅሁትም።

ቀለሙን ግን ፋቅሁ። ከላይ ቀይ፣ ከአጥር የተረፈ፤
ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ በእናቴ ምርጫ፣ በእናቴ ብሩሽ የሰፈፈ፤
ከዚያም ሥር፣ በበር ማጠፊያው ጥግ፣ ፀሐይ ሳታየው የከረመ፣
ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ፣ እንደ ሰኔ ቡቃያ የለመለመ።
እሱን ይዤ ቀለም ቀማሚው ዘንድ ሄድኩ፤
"ይህን" አልኩት፣ "ይህን ብቻ።"

እናቴን ፍቄ እንደ ጣልኳት የገባኝ ማታ ነው፣
እጄን ስታጠብ፣ ውሃው ሰማያዊ ሲሆን።

ቀኝ ፓራፋንጎዋ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ስርጉድ ነበር።
አባቴ አንድ ሌሊት፣ ኩርባው ላይ፣
ከጎረቤታችን ከኢቴል የብረት በር ጋር የተላተመ ጊዜ ነው።
ከዚያ ወዲህ ኢቴል ሞተሯን ከሩቅ ሲሰማ፣
የያዘውን ጥሎ በሩን ይከፍታል፣ ብርሃን ይሁን ጨለማ፤
ለፍቅር አይደለም። ለበሩ ሲል።
እኔ ስርጉዱን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ አቃናሁት፤
ስቱኮ እንኳ አልፈለገ። ኮራሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣
ማኖቬላውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ በአራተኛው አስላት፣
ተነሣች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ "አዲስ!" አለ፤
እህቴም "ቆንጆ ናት" አለች፣ የባዕድ ልጅ እንደሚሞገስ፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ፣ ርቆ እየዋለለ።
በጎቹ ቀና አላሉም። በግ አሥራ ሁለት ዓመት አይቆይም፤
ያን ድምፅ ሰምተው ለድርቆሽ ይወርዱ የነበሩት
ከተበሉ ቆይተዋል፤
የልጅ ልጆቻቸው ሣራቸውን ይግጣሉ።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት።
ኩርባው ላይ ገና ሳልደርስ፣ በሩ ወለል ብሎ ቆየኝ።
ኢቴል፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ፣
ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንዱ ካልሲ፣
በሩን በደረቱ ደግፎ ቆሟል።
እኔን አላየኝም። ፓራፋንጎዋን ነው የሚያየው፣
ስርጉዱ የነበረበትን ቦታ።
ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤
ሜዳ ሆነበት፤ ደግሞ ዳሰሰው።

"እንደ አባትህ ነህ" አለኝ በመጨረሻ፣
"አንተም ሰፋ አድርገህ ነው የምትዞረው።"
ካልፍኩ በኋላ በሩን ሲዘጋ፣ በመስታወት አየሁት፤
መቀርቀሪያውን ግን አልጣለውም።