ሁለት ነጥብ አራት

በርገን ዝናብ ነው፤ ጄሉም እንደ ዝናቡ ይቀዘቅዛል፣
ሽንቴን ይዤ ተጋድሜ፣ የቱሩን እጅ ሆዴን ያስሳል።
ምንተስኖት ያኔ በመስኮት ወጣ፣ በሩ እምቢ ቢለው፤
መስኮቱን የዘጋው ስፌት ነው ዛሬ የሚለካው።

እኔ ልብስ ጠጋኝ ነኝ።
የሳሳ ጨርቅ በጣቴ አሽቼ ነው የምለየው፣
«ይሄ ክር አይችልም» ብዬ ለባለቤቱ የምመልሰው፤
የራሴን ግን የት ልንካው?

በሁለት ቢጫ መስቀሎች መሃል አንዲት ግራጫ ጠርዝ፣
«ሁለት ነጥብ አራት ሚሊሜትር» አለች፤
ቀጭን ልክ፣ ቀጭን ትእዛዝ፦
ምጥ ከጀመረሽ አታድሪ፣ በሌሊትም ቢሆን ነዪ።
«ደግሜ ልለካው፤ እንዳትነቃነቂ፣ እስቲ ዝም በዪ።»

እኔማ አልተነቃነቅኩም።
ከውስጥ አንዱ ሲያንኳኳ ነው፤
በሩን ይሁን መስኮቱን
እሱም ገና አልለየው።