ሠላሳ አንድ ከመቶ

ሃያ ሁለት ዓመት ብርጭቆ ሳጥብ፣
መጽሐፍ ሳልገልጥ፣ ቀመር ሳላነብ፣
በኮቺ ዩኒቨርሲቲ፣ ምድር ቤት ካለው ቧንቧ ሥር፣
የኬሚስትሪውን ዓይነት ለየሁ፣ ከእድፉ ጋር በመማከር።

ሰኞ የኢንዱስትሪ ነው፤ የሳሙና ዝቃጭ፣ ቅባት፣
ከጥፍር ሥር ተደብቆ ቤቴ ድረስ የሚሸኘኝ ዘይት።

ማክሰኞ ፖሊመር፤ ደቃቆቹ እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣
ሺህ ሆነው ሲተሙ ለፈላ ውሃም አይገዙ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ይኸኛው ብልቃጥ ያስራል፣
እኔንም ከነብሩሼ እስከ ማታ ያቆማል።

ሐሙስ የትንተና ነው። ያ ደግሞ ያስፈራል፤
ብርጭቆው ካጠበው እጄ ይልቅ ይጠራል።
ምን ልጠብ? እላለሁ፣ ወደ መብራት ሳነሣው፤
ለዶክተር ሱሎቻና ነው የሚታያቸው አበሳው።
«ኩንጁሞን፣» ይላሉ፣ «ጭጋግ አለው፣ ድገመው።»
ጭጋጉ ታይቶኝ አያውቅም። እደግማለሁ፣ ምን ላድርገው።

ዝናሙ ፋታ ሲሰጥ ጂንሲ መጣች፣ ጃንጥላዋ ሳይደርቅ፣
በጨርቅ የጠቀለለችው ጠርሙስ ከደረቷ ሳይርቅ፤
ክዳኑ ገና ሲላላ አሞኒያው ያስለቅሳል፣
ውስጡ የጎማ ወተት ነጭ ሆኖ ይላወሳል።

አባቷ ቫርኪ፣ ፓላ፣ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ መዳፉ ላይ ስለት፣
ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል፣ ልጡን ሲሰነጥቅ፣
በኮኮናት ቅርፊት ነጩን ደም ሲጠብቅ።
ሦስት መቶ ዛፍ በሌሊት። በሠላሳ ዓመት ስንት?
ነጋዴው ግን ጠልቆ የሚለካ መስታወት አለው፤ ሲከትት
«ወተትህ ቀጥኗል፣ ቫርኪ» ይላል፣ «ሠላሳ አንድ ከመቶ»፤
ቫርኪም ይመለሳል፣ ባዶ ባልዲና ስድብ ተሸክሞ፣ ተቆጥቶ።

ጂንሲ ይህን ሰምታ ኖራ ቂሟን ቋጥራ መጣች፤
«ሌባው መለኪያው ነው፤ ይታያል!» እያለች።

አሥር ግራም መዘነች፣ እስትንፋሷን ይዛ፤
አሲድ ጠብ ብታደርግ፣ ረግቶ ቁጭ አለ ወተቱ፣ ፈዛዛ።
ዳምጣ፣ አጥባ፣ ቀጭን ቂጣ አስመስላ፣
ምድጃ ከተተችው፣ ሰዓቷን ተከትላ፤
ሲደርቅ አደረ፣ በሰባ ዲግሪ ሙቀት፣
እሷም ኮሪደር ላይ፣ ወንበር ሆኖላት መኝታ ቤት።

ሲነጋ መዘነችው። ሦስት ግራም፣ ነጥብ አንድ።
ደግማ መዘነችው። ሦስት ግራም፣ ነጥብ አንድ።
«ኩንጁሞን፣ ብርጭቆው ታጥቦ ነበር?» አለችኝ። ታጥቧል፣
ሦስት ጊዜ፣ በሐሙሱ ልማድ።

ሌላ ምድጃ፣ ሌላ ሚዛን፣ ሌላ ሌሊት፤
ያው ነጋዴው የጠራት ቁጥር፣ ያቺው ናት።

ቅዳሜ አገሯ ሄዳ፣ ሰኞ ተመለሰች፤
ከዚያው ዛፍ፣ ከልጡ ሥር፣ በገዛ እጇ ቀድታ መጣች።
ሠላሳ ስምንት ሆነ።

ዝም አለች። እኔም ዝም። ማራገቢያው ብቻ ዞረ።
ከዛፉ እስከ ነጋዴው መንገዱ አጭር ነበረ፤
በመሃሉ አንድ ባልዲ፣ አንድ የጓሮ ጉድጓድ፣
አንድ የሴሚስተር ክፍያ፣ ቀኑን የማያሳልፍ ግድ።

ሚዛን አባት አያውቅም፤ ቁጥር ዘመድ የለው።
«ለእኔ ብሎ ነው» አላለችም። ሌላ ሰው ቢሆን የሚለው
ይኸንን ነበር። እሷ ሪፖርቷን ጻፈች፤
«የናሙናው ምንጭ» ከሚለው ሥር ብዕሯን አቆመች።

ዶክተር ሱሎቻና አነበቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፤
«ቁጥሩ ልክ ነው፣» አሉ፤ «ባዶ የቀረውን ሙዪው።»

ጻፈች። የአባቷን ስም። ሙሉውን።
ከዚያ ወጥታ ደወለች፤ በመስኮቱ ሰማኋት፦
«አባ፣ እዚያስ ዝናሙ አባራ?» ብቻ። ሌላ አልወጣት።

ያን ማታ ብልቃጧን አጠብኩ፣ አለቀለቅኩ፣ ወደ መብራት አነሣሁት፤
ጭጋግ ነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት ያላየሁት።
ማንም ሳይጠራኝ
ደገምኩት።