ምሰሶ

ድንኳን ነው ይሉታል።
ለሰርግ አልተተከለ፣ ለለቅሶም አይደለም፤
ደህና ቤት ተዘግቶ፣ ተከፍሎ እሚታደር እንዲህ ያለ የለም።
ሸራው ከቤታችን ግድግዳ ይወፍራል፣
ምንጣፉ ሲረግጡት ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤
ብረት ምድጃ አለው፣ ሰፊ ድርብ አልጋ፣
ሁለት ትንንሽ ፍራሽ ለልጆች በግርጌ የተዘረጋ።
ዋጋውን ስነግራት ኔስታ አንዴ ሳቀች፣
"በዚህ ገንዘብ እኮ ጣራው ይጠገናል" አለች፣
ከዚያ ግን ሻንጣውን ከቁም ሳጥን አናት አወረደች።

ከካርዲጋን ወዲያ መንገዱ ጠበበ፣
አጥሩ ከግራ ቀኝ መስኮት እያሻሸ ከነእሾሁ ቀረበ።
ጌቲን አስመለሰው። ሦስት ዓመቱ ነው፤
የዌልስን ጠመዝማዛ በሆዱ ነው የሚቆጥረው።
ማብሊ ስድስቷ ነው። "ደረስን ወይ?" ብላ
ስንቴ እንደ ጠየቀች እንጃ፤ መቁጠር ተውኩኝ ካሥር በኋላ።

እኔ ያሰብኩት ይህ ነው፦
ልጆቼ ሲገቡ፣ አፋቸውን ከፍተው፣
በተንጠለጠለው መብራት፣ በአልጋው ተገርመው፣
"አባዬ!" ሲሉኝ ልሰማ።
እነሱ ግን ገና ከበሩ ሥር
የማገዶው ቅርጫት ጣላቸው በፍቅር።
እንጨቱን በሙሉ ምንጣፉ ላይ ገልብጠው
መርከብ ነው አሉና ገቡበት ተጣጥፈው።
አልጋው ባሕር ሆነ፣ ምድጃው ዓሣ ነባሪ፣
ኔስታ ጫማዋን አውልቃ፣ ትኬት ያልቆረጠች ተሳፋሪ።
እኔስ ምን ልሁን?
"ወደብ" አለች ማብሊ፣ "ዝም ብለህ ቁም።"
ወደብ ሆኜ ቆምኩኝ። እግሬ ደነዘዘ፤ ግን አልተቀመጥኩም።

ማታ ዝናብ መጣ።
የእኛ አገር ዝናብ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣
ከመጣም በኋላ እንደ አበዳሪ ደጅ ላይ ያድራል።
ጆሮዬን ለሸራው ሰጥቼ ጠበቅኩኝ፣
የሚያፈስስ ስፌት፣ የላላ ካስማ ፈለግኩኝ።
አንዲት ጠብታ የለም።
ከፋኝ። ለምን እንደ ከፋኝ ለኔስታ አልነገርኳትም።

አባቴ ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር፤
ለጣራ የሚሆን ስስ ጥቁር ድንጋይ፣
ጥፍሩ ሥር ትቢያው ሁልጊዜ የሚታይ።
በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ዕረፍት፣
በተዋሰው ድንኳን ይወስደን ነበረ ወደ ባሕሩ ፊት።
አንድ ሌሊት ነፋስ ካስማውን ነቀለው።
ነቃሁ፤ አባቴ ቆሟል፣ ምሰሶውን አቅፎ፣ በውስጥ ልብስ ብቻ ነው።
"ተኛ" አለኝ፤ ተኛሁ። ነግቶ ስነሣም
እዚያው ነው፤ ክንዱ ከምሰሶው አልተላቀቀም።
ስንቱን ቤት በድንጋይ ጣራ ያለበሰው ሰው
የእኛን ጣራ ሌሊቱን በክንዱ ነው የያዘው።

የዚህ ድንኳን ምሰሶ ግን ብረት ነው፣ በብሎን ታስሯል።
እኔ ምን ያደርግልኛል ብሎ ይፈልገኛል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ "ሽንቴ" አለ ጌቲን።
መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ ከሜዳው ማዶ፣
ጃንጥላው መኪና ውስጥ፣ ባትሪው የት እንደሄደ ሄዶ።
ተሸክሜው ወጣሁ። ከአጥሩ ሥር አቆምኩት፣
ካፖርቴን ከፍቼ እንደ ዶሮ ክንፍ ከላይ ዘረጋሁት።
በአንድ እጁ አውራ ጣቴን ጨብጧል እንዳይወድቅ፤
አንዲት በግ ከጨለማው ታየናለች፣ ሳትነቃነቅ።
ጨረሰ። ጣቴን ግን አልለቀቀም።
"አባዬ፣ ዝናቡም እየሸና ነው" አለ።
"አዎ፣ ሌሊቱን ሙሉ።"
"ታዲያ ማን ይዞት ነው?" አለ።

መልስ አልነበረኝም።
ስንመለስ ማብሊ እናቷ ጎን ገብታለች፤ አራታችን ባንድ አልጋ፣
ሁለቱ ትንንሽ ፍራሾች ጦማቸውን አደሩ፣
የጌቲን ተረከዝ ከጎድኔ ጋር ሲሟገት ነጋ።

እሑድ በመንገድ ላይ የኔስታ እናት ደወለች፣
"ምኑ ነው ደስ ያላችሁ?" ብላ ጠየቀች።
"ቅርጫቱ!" አለች ማብሊ።
ጌቲን አሰበ። ቆየ። ደግሞ አሰበ።
"ሽንቴ" አለ።
ኔስታ በሳቅ መሪውን ልትለቀው።

ማታ ቤት ገባን። ጣራው እንዳለ ነው፣ ያፈስሳል።
ባልዲውን አምጥቼ ከሥሩ ይዤ ቆምኩ፤
መሬት ላይ ማስቀመጥ እንደምችል እያወቅሁ።