የሙዝ ግንድ ታንኳ

ጣሪያው ከሄደበት፣ ዓምዱ ከቀረበት፣
ጡብ እንደ ጥርስ ወልቆ ሣር ከበቀለበት፣
ከሱኮታይ ኩሬ ዳር፣ ማሊዋን ተቀምጣ
ታንኳ ትሠራለች የሙዝ ግንድ ቆርጣ።
ቅጠሉን ዘርግታ፣
በስንጥር ሰፍታ፣
አናቷ ላይ ሻማ፣ ዙሪያዋን አበባ፤
«መሐሏ ላንተ ነው፤ የሚከብድህ ይግባ።

ጥፍርህን ቁረጥና፣ ከፀጉርህም ጥቂት፣
ሳንቲም ጣል አድርግባት፤
ዓመቱን ስንጠጣት፣ ዓመቱን ስናቆሽሻት
ዝም ላለችው ውሃ ይቅርታ ነው የምንላት።
ክፉ ዕድልህንም አዝላ ትሄዳለች፤
ሆደ ሰፊ ናት እሷ፣ ሁሉን ትችላለች።»

ሰጠኋት ጥፍሬን፣
ሰጠኋት ፀጉሬን፣
ስልኩን ያላነሣሁለትን ታናሽ ወንድሜን፣
ዐሥር ባህት ሳንቲም፤ ሻማው ጠብ ብሎባት
ሰም አለበሳት።
ገፋኋት በመዳፌ፣
እፎይ አልሁ፣ ባፌ።

ጨረቃ ሞልታለች። ከበሮው ያጓራል።
ሺህ ሻማ ተከታትሎ በውሃው ይሻገራል።
የኔዋ ብቻ ዞራ፣
ሎተስ ቅጠል ሥር ቆማ፣ እንዳኮረፈች ሙሽራ።

ይኸኔ አንድ ልጅ፣ ውሃው እስከ ደረቱ፣
የእጅ ባትሪ ነክሶ ብቅ አለ ከፊቱ፤
ሳንቲሟን ለቀመና በጉንጩ ወተፋት፣
ታንኳዋን ግን፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ መሐል ገፋት።

«ዊሩት! ውጣ ብያለሁ!» ማሊዋን ጮኸች፤
ቀላች፣ ወደኔ አየች፣
ሳቋ ግን አመለጣት፣ አፏን በቅጠል ሸፈነች።

ጠዋት ገበያ ዳር፣ ጥብስ ሙዝ ስገዛ፣ ዊሩት ነው የሸጠኝ፤
ስድስት ቆጥሮ ሲያበቃ ሰባተኛ መረቀኝ።
መልሱን ሲሰጠኝ ግን፣ አንዷን አወቅኋት፤
ሰሟ አልለቀቃት።