ዳር የደረሰ ጥናት

ጀልባው አፍንጫውን አሸዋ ላይ ሰካ፤
ወረድኩኝ፣ ጃሙና ወንዝ መሀል፣ ድህነት ልለካ።
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከዝናብ ሸሽጌ፣
አርባ መጠይቅና ሦስት የዳካ መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ።

አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ማኅበረሰብ ሁሉ መሰላል ወጪ ነው፤
ወግና ልማዱን ከታች ጥሎ ሲሄድ፣ ያኔ ነው የሚያድገው።
ሁለተኛው ቁጡ ነው። መሰላል አይደለም፣ ይላል፣ ቧንቧ ነው፣
ከዳር ወደ መሀል ሀብት የሚያወርደው።
ምስክር ይጠራል፦ የዚህ አገር ቃጫ ባሕር ተሻግሮ፣
ጆንያ ሆኖ መጣ፣ በዋጋው ላይ ዋጋ ጨምሮ።
ሦስተኛው ስስ ነው፤ ስለ መተማመን፣
ጎረቤት ለጎረቤት ስላለው እምነት፤ እሱንም ካፒታል ብሎ ሰየመልን።
በሦስቱም ተፈትኜ አልፌአለሁ።

ሸርባኑ በሯ ላይ በርበሬ አስጥታ ፍየል ትከለክላለች፣
ስጠይቃት ቀና ሳትል ትመልሳለች።
ክፍል ስንት? አንድ። ግድግዳው? የቃጫ አገዳ።
ጣሪያውስ? ቆርቆሮ። ስንት? ያኔ ተነሣች፣
አሥራ ስምንት ቅጠል፣ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፤
ስም አውጥታ ልትጠራቸው ምንም አልቀራት።

ጥያቄ አሥራ ሁለት፦ ዛፍ ለምን አልተከልሽም?
(ቅጹ "የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት" ይለዋል።)
ሳቀች።
"ሥር ያለው ነገር ዋና አይችልም።"

ዘጠኝ ጊዜ ወንዙ ከእግሯ ስር ደሴቷን በልቷል፣
ዘጠኝ ጊዜ ይህ ቤት ሚስማሩ ተነቅሎ በጀልባ ተጭኗል።
"መሬት ብገዛ ውሃ ይበላዋል፤ ላም ብገዛ ትሰምጣለች፤
ብር ባስቀምጥ አማቴ ሳትታመም ታመምኩ ትላለች።
ቆርቆሮ ግን ይነቀላል፣ ይጫናል፣ ደግሞ ይመታል።
ሲቸግረኝ አንዱን ቅጠል እሸጣለሁ፣
ሲሞላልኝ አንድ ቅጠል እመታለሁ።"
ዝናብ ጀመረ። ጣሪያው ላይ ወረደ፣ ባንኳን እያንኳኳ።
እኔም "ጊዜያዊ መጠለያ" የሚለው ሳጥን ላይ
ጥርት ያለ ምልክት አደረግሁ።

ጀልባው የማን ነው? የሞይዘዲን። ስንት ትከፍይዋለሽ? ምንም።
ልቤ ዘለለ፤ ሦስተኛውን መጽሐፍ አሰብኩ።
ትተማመናላችሁ ማለት ነው፣ አልኳት።
"መተማመን?" አለች። "ሃያ ሚስማር ሰርቆኛል።
ግን ሌላ ጀልባ የለም።
እሱም መረቡን የሚጠግንለት ከእኔ ሌላ የለውም።"
ለዚህ መልስ ሳጥን ፈለግሁ።
"ሌላ ካለ ይጠቀስ" የሚለው መስመር አንድ ጣት አይሞላም።

ከዚያ እሷ ጠየቀች። ይህ ወረቀት ሲሞላ ምን ይሆናል?
ሪፖርት ይሆናል።
ሪፖርቱስ?
ዳካ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።
ወንዙ እዚያ ይደርሳል?
አይደርስም።
"እንግዲያ ዛፉን እዚያ ትከሉት።"

ክረምቱ ሳይወጣ ሪፖርቱ ተጠርዞ፣
ጥናቱ ዳር ደረሰ ተባለ፣ ለሁላችን ሻይ ታዞ።
በዚያው ሳምንት ሞይዘዲን ደወለ፤ ነፋስና ሞተር ድምፁን ይቆራርጠዋል።
ሸርባኑም ዳር ደርሳለች፣ አለኝ፤ ወንዙ ከደጃፏ ገብቷል፤
ይኸው ጭነን ጀልባው ላይ ነን።

ምን ልበል? መጽሐፎቼን አየኋቸው፤ መሰላሉን፣ ቧንቧውን፣ ስሱን።
አንዳቸውም አልዋሹም።
አንዳቸውም አልረጠቡም።
ከኋላ የእሷ ድምፅ ተሰማ፤ ሞይዘዲን ሳቀና አቀበለኝ፦
"አሥራ ዘጠኝ ቅጠል ሆኗል ትላለች።
አሥራ ስምንት ብለህ ከጻፍክ አስተካክል።"