ለመርጊቱ፣ ከነጂው ልጅ

የምስክር ወረቀት በመስታወት አጥረው፣
ስሟን በወርቅ ቀለም በጉልህ አስፍረው፣
ዛሬ ሸለሟት አሉ፤ ይበጅ፣ ይሁንላት።
እኔ ግን የማውቀው ሌላ ውለታ አላት።

አባቴ ደግፌ፣ የባቡር ሾፌሩ፣
ሣር ከበቀለበት ያ የብረት መስመሩ፣
ጫማውን አጥልቆ ሌሊት ይነሳል፣
«ረፈደ» እያለ በሩን ይዳስሳል።
እኛም «ጃጅቷል» አልን። ሰፈሩም «ጃጅቷል»።
ሐኪሙም «ዕድሜ ነው» ብሎን አሰናብቷል።

መርጊቱ ግን መጣች፣ ከፍራንኮ በእግሯ፣
አቧራ የጠጣ ያ ጥቁር ደብተሯ
ብብቷ ሥር ሆኖ። ጎኑ ተቀመጠች።
ክኒን አላወጣች። ምክር አልጀመረች።
«ከአዳማ ሲነሱ፣ ቀጥሎ የት ነበር?»
ዝም።
ቆርቆሮውን ንፋስ እያንኳኳ ሲዞር
አብራው ዝም አለች። ኋላ «ወለንጪቲ» አለ፤
ድምፁ ዝጎ ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ሳለ።

በማክሰኞው መጥታ መተሐራ ደረሱ፤
አዋሽ ድልድይ ላይ ግን እንባዎቹ ፈሰሱ።
ረዳቱ ዘሪሁን እዚያ ነው የቀረ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ጠይቆት ነበረ?
እኔ ልጁ እንኳ።

ዳነ አልልም። ዛሬም ሌሊት ይነሳል፤
ግን ያመመውን ነገር በስሙ ያነሳል።
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጣቢያው ጥላ ሥር፣
እነ ሐጂ ቡሽራ፣ እነ እትዬ አስቴር፣
የሷ ሰዎች ሁሉ ክብ ሠርተው ሲያወሩ፣
ያልተጠየቁትን ዛሬ ሲናገሩ፣
አባቴ ያፏጫል፣ እንደ ድሮ ባቡሩ።

ለመርጊቱ ስጦታ እኔ ያመጣሁት
አንድ ቃል ነው፣ ከአፌ ነቅዬ ያወጣሁት።
ፍሬም አያሻውም።
ነገ ማክሰኞ ነው። ወንበሯን ተሸክሞ
አየሁት አባቴን፣ ደጅ ላይ፣ ቀድሟት ቆሞ።