ጀልባዋ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት፤
እሱም ታች ብቻ። ለእኛ ጄሪካኑ፣ ለእኛ ደረጃው፣ ለእኛ ጉልበት።
ሰባ ሁለት እርከን፤ ቆጥሬዋለሁ።
አንድ ሌሊት ጉልበቴ፣ «እኔስ በቃኝ፣ እዚሁ እቀራለሁ»
አለኝ ሦስተኛው ላይ። ተቀመጥኩ፣ ጄሪካኑን ይዤ፤
ጎረቤት ሲያልፍ መልእክት የማነብ መሰልኩ፣ ስልኬ ላይ ፈዝዤ።

ሌሊሴ፣ የታችኛዋ ፋርማሲስት፣ እጇ ፈጣን፣ ቃሏ አጭር፤
«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ጻፈችልኝ፣ ካርቶኑ ላይ በጥቁር።
«ምግብ በልተሽ» ማለቷን አልሰማሁ፤ ወይ አላለችም፤ ሰልፍ ነበር።
ውስጡ ያለችውን፣ ስምንት ቦታ የታጠፈች ወረቀት፣
ልጄ ናሆም ጀልባ ሠራት፤ ባልዲው ላይ ለቀቃት።
ማን ያነባታል? ፊደሏ ጉንዳን፣ ቋንቋዋ የሰው።
እውነት ለመናገር፣ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ጉልበቴን ተወው።

ተወው እንጂ አልራቀም፤ አንድ ፎቅ ወጣ፣ ሆዴ ገባ፤
ከእምብርቴ በላይ ቤት ተከራየ፤
ሌት ተቀን ከሰል የሚያራግብ፣ የማይተኛ፣ የማይግባባ።
ሽሮ ጠላቴ ሆነ። ቲማቲም አይወራ። ተልባ ጠጣሁ፣ እሷም አቃታት፤
ለጉልበቴ መድኃኒት፣ ለመድኃኒቱ ደግሞ ሌላ መድኃኒት።
ከዚያ ሽንቴን አቃጠለኝ፤ ሦስተኛ ኪኒን ተጨመረ፤
በዘጠነኛው ቀን ቆዳዬ ጽሑፍ ጀመረ።

ክንዴ ላይ ነጠብጣብ፤ አንገቴ ላይ መስመር፤
ደረቴ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር።
«የውሃው ነው» አለ ባሌ። «ምች ነው» አለች ጥጊቱ፤
ዳማ ከሴ ጨምቃ መጣች፣ ገና ሳይነጋ ሌሊቱ።
ያየ ሁሉ ስም አወጣለት፤
ስሙን የምታውቀው ግን ያቺ ጀልባ ነበረች፣
ባልዲ ውስጥ ርሳ፣ ተከፍታ፣ ፊደሏን ለውሃ ያወረሰች።

ሲነጋ ሌሊሴ የተላጠ ከንፈሬን አየች። ያ ፈጣን እጇ ቆመ።
ሰልፈኛው ፊት በሩን ዘጋች፤ ለባጃጁም እሷ ከፈለች፤
«ይቅርታ» ከአፏ አልወጣም፤ ዓይኗ ላይ ታተመ።

«ቅንድብ ሊኩል ዓይን አጠፋ» ይላሉ። እኔ አልልም።
ዓይኔም አለ፣ ቅንድቤም አለ። ቆዳዬ ግን እንደ ድሮው አያምነኝም።

ቧንቧው ሳል ጀመረው፤ ማክሰኞ ነው። ጉልበቴም ተመልሷል።
ናሆም የአዲሱን ካርቶን ወረቀት ምንጣፍ ላይ ዘርግቷል፤
መዝገበ ቃላት ከጎኑ፣ ጣቱን በጉንዳኖቹ ላይ እየጎተተ፦
«ከስንት አንድ ሰው» ይላል፣ እማዬ፤ «ከስንት አንድ ሰው ላይ…»

ቀና ብሎ አየኝ። አልጨረሰውም።
ጄሪካኑን አንስቶ ወረደ፤ እኔ ቀረሁ ላይ።